ስለ ዲቪያ ዴሽሙክ ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ህንዳዊቷ ዲቪያ ዴሽሙክ ጁላይ 28 ቀን 2025 ጆርጂያ ውስጥ፣ ባቱሚ ከተማ ላይ የሴቶች የቼዝ የዓለም ዋንጫን ስታሸንፍ ገና 19 ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቼዝ የማይከታተል ሰው እንኳ ስሟን ሰምቷል። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ታሪኳ በተነሳ ቁጥር የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ። አንዳንዶቹ ተራ የመረጃ ግድፈቶች ናቸው። ሌሎቹ ግን ልጅቷ የለፋችበትን ይነጥቋታል። ስፖርት የምትዘግቡም ሆናችሁ ሴት ልጃችሁን ቼዝ የምታስተምሩ ብታውቋቸው ይጠቅማል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

“የዓለም ሻምፒዮን” ማለት

የዓለም ዋንጫና የዓለም ሻምፒዮና ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዲቪያ ዋንጫውን ስታነሳ የሴቶች የዓለም ሻምፒዮን ቻይናዊቷ ጁ ዌንጁን ነበረች። ዋንጫው ለዲቪያ ያስገኘላት ለ2026ቱ የሴቶች ካንዲዴትስ ማለፊያ ነው። ካንዲዴትስን የምታሸንፍ ተጫዋች ናት ሻምፒዮኗን የምትገጥመው። ዲቪያ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው በወጣቶች ደረጃ ነው። በ2024 በህንዷ ጋንዲናጋር ከ20 ዓመት በታች ሴቶችን ከ11 ጨዋታ 10 ነጥብ ሰብስባ አሸንፋለች። “የወጣት ሴቶች” የሚለውን ቃል ሳትዘሉ ጻፉት።

ሁለቱን ማዕረጎች ማምታታት

ይሄኛው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። በቼዝ “የሴቶች ግራንድማስተር” የሚባል ማዕረግ አለ፣ “ግራንድማስተር” የሚባልም አለ። የመጀመሪያው ለሴቶች ብቻ የሚሰጥ ሲሆን የሚጠይቀው ሬቲንግ (የተጫዋች ጥንካሬ የሚለካበት ነጥብ) 2300 ነው። ሁለተኛው ወንድ ሴት ሳይል ለሁሉም እኩል ነው። 2500 ሬቲንግና ሦስት ኖርም ይጠይቃል። ኖርም ማለት ጠንካራ ተጋጣሚዎች ባሉበት ውድድር በጣም ከፍ ያለ ውጤት በማምጣት የሚገኝ ማረጋገጫ ነው። ብዙ ጎበዝ ተጫዋቾች ሦስቱን ለማሟላት ዓመታት ይፈጅባቸዋል።

ዲቪያ የመጀመሪያውን ማዕረግ ያገኘችው በ2021 ነው። ስለዚህ ከባቱሚ በፊት ስለነበሩት ዓመታት ስትጽፉ ዝም ብላችሁ “ግራንድማስተር” አትበሏት። ከባቱሚ በኋላ ደግሞ “የሴቶች ግራንድማስተር” ማለት ማዕረጓን ዝቅ ማድረግ ነው። አሁን ሙሉ ግራንድማስተር ናት። ህንድ ካፈራቻቸው ግራንድማስተሮች 88ኛዋ፣ ከሴቶቹ ደግሞ አራተኛዋ ሆናለች። ከ88 አራት ብቻ! ይህ ቁጥር ከማንኛውም ሙገሳ በላይ ይናገራል።

እዚህ ላይ ሌላ ስህተት ይከተላል። ወደ ባቱሚ ስትሄድ አንድም የግራንድማስተር ኖርም አልነበራትም። የዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን ደንብ ግን የዚህን ዋንጫ አሸናፊ በቀጥታ ለማዕረጉ ያበቃል። ይህን የሰሙ ሰዎች “በስጦታ አገኘችው” ይላሉ። የትኛው ስጦታ? ውድድሩን የጀመረችው በሬቲንግ 15ኛ ሆና ነው። በመንገዷ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ተሰጥቷት የነበረችውን ዡ ጂነርን አስወጣች። ከዚያ የአገሯን ልጅ ሃሪካ ድሮናቫሊን፣ ከዚያ የቀድሞዋን የዓለም ሻምፒዮን ታን ዦንግዪን አሸነፈች። ፍጻሜው ላይ የጠበቀቻት ኮኔሩ ሃምፒ ናት። ሦስት ኖርም በየአገሩ እየዞሩ መሰብሰብ ከዚህ ይቀላል ብዬ አላምንም።

“በአንድ ሌሊት” የሚለው ተረት

ዲቪያ የናግፑር ልጅ ናት። ወላጆቿ ሁለቱም ሐኪሞች ናቸው። የዓለም ከ10 ዓመት በታች የልጃገረዶች ሻምፒዮን የሆነችው በ2014፣ እዚሁ አህጉራችን ላይ፣ ደቡብ አፍሪካ ደርባን ውስጥ ነው። በ2017 በብራዚል ከ12 ዓመት በታች ደገመችው። በ2023 አልማቲ ላይ የእስያ የሴቶች ሻምፒዮን ሆነች። በ2024 ቡዳፔስት በተካሄደው ኦሊምፒያድ፣ ማለትም የአገራት ቡድኖች የቼዝ ውድድር፣ በሦስተኛ ቦርድ (የቡድኑ ሦስተኛ ተጫዋች ሆና) ተሰልፋ ከ11 ጨዋታ 9 ነጥብ ተኩል አመጣች። የግል ወርቅ ወሰደች፣ የህንድ ሴቶች ቡድንም ለመጀመሪያ ጊዜ ወርቅ አገኘ። ከደርባን እስከ ባቱሚ 11 ዓመት ነው። ይህን ሁሉ ዘልሎ “ድንገት ብቅ ያለች” ማለት ያሳዝናል። ልጆቻችንንም ያሳስታል።

ሃምፒን የተሸነፈች አሮጊት አድርጎ መሳል

ፍጻሜውን “አዲሱ ትውልድ አሮጌውን ጠራርጎ አስወጣ” ብለው የጻፉ አሉ። እውነቱ ሌላ ነው። ሁለቱ መደበኛ ጨዋታዎች በአቻ ተጠናቀቁ። በማግስቱ በፈጣን ጨዋታ ሲለያዩም የመጀመሪያው አቻ ወጣ። ዲቪያ ያሸነፈችው በሁለተኛው፣ ጥቁሩን ይዛ ነው። በአጠቃላይ 2.5 ለ1.5። በአንዲት ጨዋታ ብቻ ነው የተለያዩት። ራሷ ዲቪያም ከድሉ በኋላ የጨዋታ ማብቂያ ላይ ገና መማር እንዳለባት ተናግራለች።

ሃምፒ ደግሞ በ2002፣ በ15 ዓመቷ ግራንድማስተር የሆነች ሴት ናት። ያኔ በዓለም ከሴቶች ሁሉ በዕድሜ ትንሿ ነበረች። ከባቱሚ ሰባት ወር ቀደም ብሎ በ2024 መጨረሻ የዓለም የፈጣን ቼዝ ሻምፒዮን ሆናለች፣ ያውም ለሁለተኛ ጊዜ። ከእሷ በኋላ በ2011 ሃሪካ ግራንድማስተር ሆነች። በ2023 መጨረሻ ቫይሻሊ ራሜሽባቡ ተከተለች። ዲቪያን ለማንሳት እነዚህን መጣል አያስፈልግም። በሩን የከፈቱት እነሱ ናቸው።

መልኳን ከጨዋታዋ ማስቀደም

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። በ2024 መጀመሪያ፣ በ18 ዓመቷ፣ ኔዘርላንድስ ዋይክ አን ዜ ከተማ ላይ በሚካሄደው የቼዝ ውድድር፣ በሁለተኛው (ቻሌንጀርስ) ምድብ ተወዳደረች። ከ13 ጨዋታ 4 ነጥብ ተኩል ነበር ያመጣችው። ጥሩ ውጤት አልነበረም። ግን ልትኮራባቸው የምትችላቸው ጨዋታዎች ተጫውታለች። ተመልካቹ ያወራ የነበረው ስለ ልብሷ፣ ስለ ፀጉሯና ስለ አነጋገር ዘዬዋ ነው። ዝም አላለችም። ወንዶቹ በጨዋታቸው ብቻ ሲመዘኑ ሴቶች ከቦርዱ ውጭ ባለ ነገር እንደሚመዘኑ በኢንስታግራም ገጿ ላይ በግልጽ ጻፈች። ይህን ዓይነት ጥላቻ ከ14 ዓመቷ ጀምሮ እንደምታየውም ተናገረች። አንድ ልጅ በተሸነፈ ማግስት እንዲህ ብሎ ለመናገር ትልቅ ድፍረት ያስፈልጋል። “ለሽንፈቷ ሰበብ ፈለገች” የሚሏት እንደማይጠፉ ታውቅ ነበርና።

ይህ ስህተት ሁልጊዜ በክፋት አይፈጸምም። “ቆንጆዋ የቼዝ ንግሥት” ብሎ ርዕስ የሚሰጥ ሰው እያመሰገናት ይመስለዋል። ለህንዳውያኑ ወንድ ተጫዋቾች ለጉኬሽ ወይም ለፕራግናናንዳ እንዲህ ብላችሁ ርዕስ ትሰጣላችሁ? ካልሰጣችሁ ለእሷም አትስጡ። ቦታ ከተረፋችሁ ስለ ግማሽ ፍጻሜው ጻፉ። ታን ዦንግዪን ያሸነፈችበት ጨዋታ 101 እርምጃ ፈጅቷል።