በቤቴ በር ላይ 203፣ ውሌ ላይ 204፦ የቤት ቁጥር ጠብ ከጎረቤት ጋር እንዴት ይፈታል

መጀመሪያ ቀለሙንና ብሩሹን አስቀምጡ። ይህን የምለው ጥፋቱን ራሴ ሠርቼው ስላየሁት ነው።

ጅማ ውስጥ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሰፋውም እዚያው ቤቴ ውስጥ ነው። ውሌ ላይ ያለው የቤት ቁጥር 204 ነው። በሬ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው ግን 203 ነበር። 204 የሚለው ከደረጃው ማዶ፣ በሐጂ በር ላይ ነበር። ደንበኞቼ በሰጠኋቸው አድራሻ መጥተው የሐጂን በር ያንኳኳሉ። ሐጂ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ጋደም ሲሉ ቀሚስ ልትለካ የመጣች ልጅ ትቀሰቅሳቸዋለች። አንድ ቅዳሜ ትዕግሥቴ አለቀ። ሐጂ መርካቶ በሄዱበት ቀለም ቀቢ ጠርቼ የሁለታችንንም ቁጥር አስፍቄ አለዋወጥኩት። ሲመለሱ በራቸው ፊት ቆመው ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቁልፋቸውን አውጥተው ገቡ። «እንደምን አመሹ» ብላቸው አልመለሱልኝም። አምስት ወር ሙሉ ደረጃ ላይ እየተላለፍን ሰላምታ አልነበረንም።

በኋላ እንደነገሩኝ ያን ማታ የታያቸው ቁጥሩ አይደለም፤ ቤታቸው ሲወሰድ ነው። የቁጥር ጠብ ሁሉ ሥሩ ይኸው ነው። ሰው ዕጣ እስኪወጣለት ጠብቆ፣ ቅድሚያ ክፍያውን ለቃቅሞ፣ የባንክ ዕዳውን በየወሩ እየከፈለ የያዘው ቤት ነው፤ አንድ ቀን ጎረቤቱ መጥቶ «የአንተ ቁጥር የእኔ ነው» ሲለው ጆሮው የሚሰማው «ውጣ» የሚል ነው። ቁጥርና ቤት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን መጀመሪያ ካልለያችሁ ወረቀት ብትደረድሩም፣ ሽማግሌ ብትሰበስቡም ነገሩ አይበርድም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ ጎረቤታችሁን ይህን በሉት፦ «ቤትዎን አልፈልግም። እርስዎ በሚኖሩበት ይኑሩ፣ እኔም በምኖርበት እኖራለሁ። መታረም ያለበት ጽሑፉ ነው።» ይህን ሳትናገሩ ውል አታውጡ፤ ወረቀት በፍርሃት ላይ ሲመጣ ክስ ይመስላል።

የምትሄዱበት ሰዓትም ለውጥ ያመጣል። እኔ የሄድኩት ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ፣ ብቻዬን ነው። በር ላይ ቆሞ መነጋገር መጥፎ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ የሚያልፍ ሁሉ ወገን ይሆናል። እስኪያስገቧችሁ ጠብቁ፤ ካላስገቧችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። እኔን ያስገቡኝ ባለቤታቸው ናቸው፤ ቡናም አፈሉ። ሐጂ እስከ አቦል ድረስ ቃል አልተነፈሱም። ቶናው ሲቀዳ «ቁጥሩን ያስፋቅሁት እኔ ነኝ፤ ሳልጠይቅዎ በርዎን መንካቴ ጥፋት ነው፤ አውፍ ይበሉኝ» አልኩ፤ ከዚያም ያን «ቤትዎን አልፈልግም» የሚለውን ጨመርኩ። ሲኒውን አስቀምጠው «ታዲያ ልጄ፣ ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አሉኝ። ወረቀቴን ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው።

የሁለታችሁንም ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ፦ የሽያጭ ውሉን፣ የርክክብ ሰነዱን፣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ከወጣላችሁም ካርታውን። ቁጥሩ ላይ ብቻ አትፍዘዙ። የብሎኩን ቁጥር፣ የወለሉን ቁጥር፣ የመኝታ ክፍሉን ብዛትና የቤቱን ስፋት በካሬ ሜትር እዩ። ባለ አንድ መኝታና ባለ ሁለት መኝታ ቤት ጎን ለጎን ከሆኑ ስፋቱ ብቻውን ክርክሩን ይዘጋዋል፤ ሜትር ይዛችሁ ለኩ። ወለል ላይም ተጠንቀቁ። አንዱ ሕንጻ ምድር ቤቱን ዜሮ ብሎ ይጀምራል፣ ሌላው አንድ ብሎ። ስለዚህ 204 በአንዱ አቆጣጠር ከምድር ቤት በላይ ሁለተኛው ፎቅ ሲሆን በሌላው የመጀመሪያው ነው። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለው የቤት ቁጥር ለዚህ ክርክር አይረዳችሁም፤ ብዙዎቻችን መታወቂያ ላይ በቁጥሩ ቦታ የተጻፈው «አዲስ» የሚል ቃል ነው። እዚህ ጅማ ደግሞ ሰው አድራሻ ሲጠየቅ ፈረንጅ አራዳ፣ አጂፕ፣ ቆጪ እያለ የሰፈር ስም ይናገራል እንጂ ቁጥር አይጠራም፤ በር ላይ ያለ ስህተት ብዙ ጊዜ ማንም ሳያየው የሚኖረው ለዚህ ነው።

የሐጂ ውል 203 ይላል። የእኔ 204። ሁለታችንም የተረከብነው የምንኖርበትን ቤት ቁልፍ ነው። ስለዚህ የተሳሳተው በሩ እንጂ ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ነገሩ አለቀ ብላችሁ እንዳትነሡ። የሕንጻውን ፕላን ከቤት ባለቤቶች ማኅበራችሁ ወይም ካስረከባችሁ አካል ጠይቁ። የጋራ ሕንጻ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 አንድ ሕንጻ ሲመዘገብ የእያንዳንዱ ቤት መግለጫ እንዲኖር ስለሚያዝ ወረቀቱ አንድ ቦታ መኖር አለበት። ፕላኑን ስታነቡ ደረጃውን እንደ ምልክት ያዙ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ደረጃ ከቆማችሁበት ደረጃ ጋር እስኪገጥም ድረስ ወረቀቱን አዙሩት፣ ከዚያ በሮቹን ቁጠሩ። እኛ ፎቅ ላይ ስድስት በሮች አሉ፤ ደረጃው መሃል ላይ ነው። ፕላኑ የሚቆጥረው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ቀለም ቀቢዎቹ ግን ከግራ ጀምረው 201፣ 202፣ 203 እያሉ ሄደዋል። ስለዚህ 201 የተባለው 206 ነው፣ 202 የተባለው 205 ነው፣ እኔና ሐጂ መሃል ላይ ስለሆንን ቁጥራችን እርስ በርሱ ተለዋወጠ። የሁለታችን ጠብ መስሎን የነበረው የስድስት ቤት ስህተት ነበር። እኔ ደግሞ ሁለቱን ብቻ አስለውጬ ኮሪደሩን 201፣ 202፣ 204፣ 203፣ 205፣ 206 አድርጌው ነበር። ሐጂ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ተፈታ፤ አምስት ወር ሙሉ በእሳቸው ላይ ብቻ የተነሣ ነገር መስሏቸው ነበርና።

አሁን ቆጣሪውን ፈትሹ። ይህን ማንም አይነግራችሁም፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን ይህ ነው። ሐጂ ወረቀታቸውን ሲያገላብጡ የመብራት ደረሰኛቸውን አወጡ። ባልና ሚስት፣ ሁለት አምፖልና አንድ ቴሌቪዥን ነው ያላቸው፤ ሂሳባቸው ግን ከእኔ ይበልጥ ነበር። እኔ ሁለት የኤሌክትሪክ ስፌት ማሽንና ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ካውያ አለኝ። ክው አልኩ።

ልጄን ወደ ምድር ቤት፣ ቆጣሪዎቹ ወዳሉበት የብረት ሳጥን ላክሁት። ሐጂ በራቸው ላይ፣ እኔ በሬ ላይ ቆምን። ልጄ በእኔ ስም የተመዘገበውን የ204ን ማጥፊያ ሲያጠፋ የእኔ አምፖል እንደበራ ቀረ፤ የሐጂ ሳሎን ጨለመ። ከጨለማው ውስጥ ባለቤታቸው «ምን ሆነ?» ሲሉ ሰማሁ። ሽቦውን የዘረጋው ባለሙያ በሩ ላይ የተቀባውን ቁጥር ተከትሎ አገናኝቶት ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ የእኔን ካውያ ሲከፍሉልኝ የኖሩት ሐጂ ናቸው። ተበደልኩ ብዬ በር ያስፋቅሁት እኔ፣ ባለዕዳዋ ሆኜ ተገኘሁ።

ይህን ፍተሻ ስታደርጉ ሁለታችሁም በተገኛችሁበት አድርጉት፤ አንዱ ብቻውን አድርጎ ቢነግር ሌላው አያምንም። ፍሪጅና ቴሌቪዥን አስቀድማችሁ አጥፉ። ማጥፊያውን ብቻ ንኩ እንጂ የቆጣሪውን ማኅተም አትንኩ፣ ሽቦም ራሳችሁ አታዘዋውሩ፤ የመብራት ባለሙያ በማመልከቻ ጠርታችሁ ያስተካክል። ውሃ ቆጣሪም ካለ ቧንቧ እየከፈታችሁ እንዲሁ እዩ። የተከፈለውን ሂሳብ እኛ የሁለታችንን ያሉንን ደረሰኞች በሙሉ ወር በወር አስተያይተን ደመርን። ሐጂ «አውፍ ብዬሻለሁ፣ ተይው» ቢሉኝም ልዩነቱን በሦስት ወር ከፍዬ ጨረስኩ። እናንተም ቢምሯችሁ ክፈሉ። ዛሬ ይቅር የተባለ ገንዘብ ነገ በልጆቹ አፍ ነገር ይሆናል።

ጎረቤታችሁ በር ካልከፈተላችሁ ወይም ወረቀቱን አላሳይም ካለ ወደ ሽማግሌ ሂዱ። አንድ እናንተ፣ አንድ እሱ ይምረጥ፤ ሦስተኛውን ሁለቱ ሽማግሌዎች ይምረጡ። ከማኅበሩ ኮሚቴ ሰው ብታስገቡ ጥሩ ነው፣ ፕላን ማየት ለምዷልና። በኦሮሚያ በአዋጅ ዕውቅና ያገኙ የባህል ፍርድ ቤቶችም አሉ፤ እንዲህ ያለ የጎረቤት ጉዳይ በእርቅ ለማየት የተመቹ ናቸው።

ስምምነቱን በቃለ ጉባኤ ጻፉ፤ አጻጻፉ ላይ ግን እባካችሁ ተጠንቀቁ። «ቤት ተለዋውጠናል» ወይም «204ን ለእሱ ሰጥቻለሁ» የሚል ቃል በፍጹም አይግባ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚነካ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት፤ በቤት ውስጥ የተጻፈ «ልውውጥ» ነገ ለወራሾች ክርክር ከመሆን በቀር የሚፈይደው የለም። የእኛ እንዲህ ይላል፦ «እያንዳንዳችን በተረከብነው ቤት እየኖርን ነው፤ በሮቹ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከፕላኑ ጋር ስለማይገጥም በፕላኑ መሠረት እንዲታረም ተስማምተናል።» ከሥሩ የስድስቱ በሮች የቀድሞና የታረመ ቁጥር ተዘረዘረ። የስድስቱም ባለቤቶች ፈረሙ፣ ሁለት ምስክሮችም። በአንደኛው ቤት የሚኖረው ተከራይ ነበር፤ ተከራይ ስለ ባለቤቱ መፈረም ስለማይችል ባለቤቱ ለወንድሙ ውክልና እስኪልክ ጠበቅን። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ቢያስጨንቅም ጠብቁ፤ አንድ ፊርማ የጎደለው ወረቀት ያንኑ ጠብ መልሶ ይቀሰቅሳል።

ቃለ ጉባኤውንና የፕላኑን ቅጂ አያይዛችሁ የቁጥር እርማት እንዲደረግ ለማኅበሩና ለሚመለከተው የከተማው ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። የቢሮው የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውን በእሱ አስጽፉ፤ ካርታችሁ ላይም ቁጥሩን የምታገኙት «ላኮፍሳ መና» ከሚለው ፊት ለፊት ነው። ካርታው ራሱ ከተሳሳተ፣ ማለትም የእናንተ ቤት በጎረቤት ስም ከወጣ፣ ቀኑን አታሳልፉ። የዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1195 ካርታ የያዘን ሰው ባለቤት ነው ብሎ ይገምታል፤ ግምቱን ማፍረስ ደግሞ ማስረጃና ጊዜ ይጠይቃል። ጎረቤት በጉልበት ቁልፍ ቢለውጥ ወይም ከይዞታችሁ ሊያስወጣችሁ ቢሞክር በአንቀጽ 1149 «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስ ይቻላል፤ ይህ ክስ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ሽምግልናው እየተጓተተ ይህ ጊዜ እንዳያልፍባችሁ ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ።

ቁጥሩ በታረመ ማግስት የሚነገራቸው ብዙ ናቸው፦ መብራት፣ ውሃ፣ ባንክ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የዕድሩ ጸሐፊ። ዕድሩን አትርሱ፤ ለቅሶ ሲደርስ ጡሩምባ ነፊው የሚሄደው መዝገቡ ላይ ወዳለው ቁጥር ነው።

የበሩን ጽሑፍ በቀለም አታስደርጉት፤ ይላጣል፣ ይፋቃልም። እኛ በጅማ በርጩማ ከሚሠሩት አናጺዎች አንዱ ጋር ሄደን በዋንዛ ላይ አስቀረጽነው፤ ስድስቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ፊደል። ከአዲሱ ቁጥር በታች በትንሹ «የቀድሞ» ብላችሁ አሮጌውን ቁጥር ለአንድ ዓመት ያህል አቆዩት፤ የእኔ «204፣ የቀድሞ 203» ይላል። የሐጂን ሰሌዳ በሚስማር የመታሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ከታች ሆነው «ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ» እያሉኝ።