መንስኤው ያልታወቀ የሚጥል በሽታ ካለብዎት፦ የሚጥልዎትን እንዴት ይመዘግባሉ?

ኤምአርአዩ (የአንጎል ምስል የሚያነሳው ምርመራ) «ምንም የለም» አለ። ኢኢጂውም (የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚለካው ምርመራ) እንደዚያው። በሽታው ግን መጣሉን አልተወም። በዓለም ላይ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች የግማሽ ያህሉ መንስኤ አይታወቅም፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። መንስኤው ስላልታወቀ ሕክምና የለም ማለት ግን አይደለም። ሐኪሙ መድኃኒት ሲመርጥ በዋናነት የሚያየው አጣጣሉን ነው። እሱን ደግሞ መዝግበን መውሰድ ያለብን እኛ ነን።

1. ደብተር ያዘጋጁ። የስልክ መተግበሪያም አለ፤ እኔ ግን ወረቀት ይሻለኛል። ቤተሰብ እስክነቃ ሳይጠብቅ ይጽፍበታል።

2. የሚያይልዎት ሰው ያሰልጥኑ። ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ብዙዎቻችን ራሳችንን ስለምንስት የሆነውን አናውቀውም። «ወደቀ፣ ተንቀጠቀጠ» ብቻ ለሐኪም አይበቃም። የትኛው እጅ ቀድሞ ተንቀሳቀሰ? ጭንቅላት ወደ የት ዞረ? ዓይን ተከፍቶ ነበር ወይስ ተጨፍኖ? ሲያበቃ አንድ ወገን ዝሎ ነበር? እነዚህ ነገሮች ከየትኛው የአንጎል ክፍል እንደተነሳ፣ አንዳንዴም በእርግጥ የሚጥል በሽታ መሆን አለመሆኑን ይጠቁማሉ።

ቪዲዮ ከሁሉም ይበልጣል። እንዲቀርጹዎት ቀድመው ፈቃድ ይስጡ፤ አለበለዚያ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል። ግን መጀመሪያ እርዳታው ይቅደም፦ ጭንቅላትዎ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ ወደ ጎን ማስተኛት፣ ሰዓት መያዝ። አፍ ውስጥ ምንም ነገር አይከተትም፤ ማንኪያም፣ ጣትም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ይጠራ።

3. ከመጣሉ በፊት የነበረውን ይጻፉ፦ እንቅልፍ ማጣት፣ የተዘለለ ክኒን፣ ትኩሳት፣ አልኮል፣ ለሴቶች የወር አበባ። እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። ቀስቃሽና መንስኤ አንድ አይደሉም። እንቅልፍ ማጣት ቀን ሊመርጥለት ይችላል እንጂ በሽታውን አላመጣውም። ደብተሩ ራስዎን መክሰሻ እንዳይሆን።

4. መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰዱ። ለረጅም ጊዜ ሳይጥልዎት ቢቆይም በራስዎ አያቋርጡ፤ ድንገት ማቆም የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ገላዎን ሲታጠቡም በሩን ከውስጥ አይቆልፉ።

5. ለቀጠሮ ደብተሩንም፣ ሲጥልዎት ያየውንም ሰው ይዘው ይሂዱ። ሰውየው መምጣት ካልቻለ፣ ሐኪሙ ፊት ሆነው ይደውሉለትና ራሱ ይንገረው።