በደም ለጋሾች ላይ ሄርፒስ ሲለካ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

«ከመቶ ለጋሽ ዘጠናው ሄርፒስ አለበት» ሲባል ሰምቶ የማይደነግጥ ጥቂት ነው። አባባሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሐሰትም ሊሆን ይችላል። የትኛው ቫይረስ፣ በምን ምርመራ፣ ከየትኛው የደም ክፍል፣ ከእነማን ላይ እንደተለካ እስካልታወቀ ድረስ ግን ቁጥሩ ምንም አይነግረንም። የለጋሾችን ናሙና ለመመረቂያ ጥናት የሚመረምሩ ተማሪዎችም ሆኑ ልምድ ያላቸው የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚስቱት እዚሁ ላይ ነው።

ስምንቱን ቫይረስ በአንድ ስም መጥራት

ሰውን የሚይዙት የሄርፒስ ቤተሰብ ቫይረሶች ስምንት ናቸው፤ ኤችኤችቪ-6ን (ሂዩማን ሄርፒስቫይረስ 6) ኤ እና ቢ ብሎ ለሁለት የሚከፍል ዘጠኝ ይላቸዋል። ከንፈር ላይ ወጥቶ «ምች መታኝ» የሚያሰኘው ብዙውን ጊዜ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ 1 (ኤችኤስቪ-1) ነው። ፀሐዩም ትኩሳቱም ነርቭ ውስጥ ያደፈጠውን ይቀሰቅሱታል እንጂ አያመጡትም። የብልት ሄርፒስን በብዛት የሚያመጣው ኤችኤስቪ-2 ነው። በልጅነት ጉድፍ ሆኖ የመጣው ቫሪሴላ ዞስተር ደግሞ ዕድሜ ሲገፋ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ቀሪዎቹ ኢቢቪ (ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ)፣ ሲኤምቪ (ሳይቶሜጋሎቫይረስ)፣ ኤችኤችቪ-6፣ ኤችኤችቪ-7 እና ካፖሲ ሳርኮማ ከተባለው ካንሰር ጋር የተያያዘው ኤችኤችቪ-8 ናቸው።

ስርጭታቸው እጅግ ይራራቃል። ኢቢቪ በዓለም ላይ ከ90 በመቶ በላይ አዋቂዎችን ይዟል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ኤችኤስቪ-1 ከ50 ዓመት በታች ካሉ ሰዎች ሁለት ሦስተኛ በሚጠጉት ላይ ሲገኝ፣ ኤችኤስቪ-2 ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉት ላይ 13 በመቶ ገደማ ነው። ሲኤምቪ በአሜሪካ በ40 ዓመታቸው ከግማሽ በላይ አዋቂዎችን ሲይዝ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ከ90 በመቶ ያልፋል። ኤችኤችቪ-8 በሰሜን አውሮፓ ለጋሾች ላይ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ በዑጋንዳ በ2006 የታተመ ጥናት ግን ለሕሙማን ከተሰጠው ደም 40 በመቶ ያህሉ ላይ ፀረ እንግዳ አካሉን አግኝቷል። ስለዚህ «ሄርፒስ» ብሎ አንድ ቁጥር መጻፍ «የቤት እንስሳ» ብሎ ዶሮና በሬ አንድ ላይ እንደ መቁጠር ነው።

አይጂጂ ፖዘቲቭ የሆነን ሰው ታማሚ ማድረግ

አይጂጂ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ሰውዬው አንድ ጊዜ መያዙን ይመሰክራል። የሄርፒስ ቫይረሶች ከገቡ ስለማይወጡ «ተሸካሚ ነው» ማለት ትክክል ነው፤ «ታሟል» ወይም «ደሙ አይሰጥም» ማለት ግን ስህተት ነው። ሲኤምቪ አይጂጂ ያለበትን ለጋሽ ሁሉ እንመልስ ብንል የአገራችን የደም ባንክ ማቀዝቀዣዎች ባዶ ይቀራሉ። የተለገሰ ደም በመደበኛነት የሚመረመረው ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲ እና ለቂጥኝ ነው። ትኩስ ቁስል ወይም ትኩሳት ያለበት ለጋሽ እስኪድን ይቆይ፤ ከዚያ ይምጣ።

በአዲስ ኢንፌክሽን ቀድሞ የሚታየው ፀረ እንግዳ አካል፣ አይጂኤም፣ ደግሞ በተቃራኒው ከሚገባው በላይ ይታመናል። ከአዲስ ኢንፌክሽን በኋላ ለወራት ሊቆይ፣ ያደፈጠው ቫይረስ ሲቀሰቀስ እንደገና ሊታይ፣ ሩማቶይድ ፋክተር (የራስን ፀረ እንግዳ አካል የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል) ባለበት ደም ውስጥም በሐሰት ሊመጣ ይችላል። አዲስ መያዙን ማረጋገጥ ከተፈለገ የአይጂጂ አቪዲቲ፣ ማለትም ፀረ እንግዳ አካሉ ቫይረሱን የሚይዝበት ጥንካሬ፣ ይለካ። ዝቅተኛ ከሆነ ኢንፌክሽኑ የቅርብ ወራት ነው።

ፒሲአር ኔጌቲቭን «ቫይረሱ የለም» ብሎ ማንበብ

ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ነው። የቫይረሱን ዲኤንኤ አባዝቶ የሚፈልገው ፒሲአር ዘመናዊ ስለሆነ ፀረ እንግዳ አካልን የሚለካውን ኤላይዛ የሚተካ ይመስላል፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ለየቅል ነው። እስቲ ስሌቱን እንሥራው። 200 ማይክሮሊትር ሙሉ ደም ወስደው ዲኤንኤውን በ50 ማይክሮሊትር አወጡ፤ ከዚያ ላይ 5 ማይክሮሊትር ወደ ፒሲአር ቱቦ ጨመሩ እንበል። በተግባር የመረመሩት 20 ማይክሮሊትር ደም ነው። በማይክሮሊትር 6,000 ነጭ የደም ሴል ካለ 120,000 ሴል ይሆናል። ኢቢቪ የሚያደፍጥባቸው ቢ ሴሎች ከነዚህ 3 በመቶ ቢሆኑ 3,600 ይቀራሉ። በጤናማ ተሸካሚ ደም ውስጥ ቫይረሱን የያዙት ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ቢ ሴል ከ1 እስከ 50 ያህሉ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ቱቦው ውስጥ የሚደርሰው በአማካይ ከሩብ ሴል ያነሰ ነው! ፖዘቲቭ ያልሆነው ለጋሹ ነጻ ስለሆነ ሳይሆን መረቡ ትንሽ ስለሆነ ነው።

ፕላዝማ ከሆነ የሚገኘው ከዚህም ያንሳል፤ ለምሳሌ ሲኤምቪ በጤናማ ተሸካሚ ላይ ሞኖሳይት (አንዱ የነጭ ደም ሴል ዓይነት) ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር ፕላዝማው ውስጥ እምብዛም አይገኝም። በዚህ ላይ ናሙናው ሳይለይ ውሎ ካደረ ነጭ ሴሎች እየፈረሱ ዲኤንኤያቸውን ወደ ፕላዝማው ያፈሳሉ፤ «በፕላዝማ ተገኘ» የሚለው ውጤት ያኔ ሐሰት ይሆናል። ኢዲቲኤ ያለበትን ባለ ሐምራዊ ክዳን ቱቦ ይጠቀሙ፤ ሄፓሪን ፒሲአርን ያፍናል።

በጣም ከፍተኛ የኤችኤችቪ-6 ቁጥር ሲታይ መደንገጥ

ከመቶ ሰው አንድ ያህሉ የኤችኤችቪ-6ን ዲኤንኤ ከወላጁ በክሮሞዞሙ ላይ ወርሶ ይወለዳል። እያንዳንዱ ኒውክሊየስ ያለው ሴሉ አንድ ቅጂ ስለሚይዝ፣ በማይክሮሊትር 6,000 ነጭ ሴል ያለው ጤነኛ ለጋሽ በአንድ ሚሊሊትር ደሙ 6 ሚሊዮን ቅጂ ያሳያል። ይህን አይቶ «ኃይለኛ ኢንፌክሽን» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ በዚህ የተነሳ ጋንሲክሎቪር የተባለውን ፀረ ቫይረስ ማዘዝ ደግሞ የባሰ ነው፤ መድኃኒቱ መቅኔን ይጎዳል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ከዚያው ናሙና አንድ የሰው ጂን ይለኩና የቫይረሱን ቅጂ ለሴሎቹ ቁጥር ያካፍሉ። ሬሾው አንድ ለአንድ አካባቢ ከሆነ ውርስ ነው። ከሥሩ የተነቀለ ፀጉር ላይ ቢገኝም ያው ማረጋገጫ ነው፤ የፀጉር ሥር ላይ የተለመደ ኢንፌክሽን ይህን ያህል አይገኝም።

የመመርመሪያ ኪቱን ገደብ እንዳለ መቀበል

ኤችኤስቪ-1 እና ኤችኤስቪ-2 ብዙ ፕሮቲን ይጋራሉ። በግላይኮፕሮቲን ጂ (ሁለቱ በሚለያዩበት ፕሮቲን) ላይ ያልተመሠረተ ኤላይዛ ሁለቱን አይለይም፤ የተመሠረተውም ቢሆን በተለይ በአፍሪካ ናሙናዎች ላይ ሐሰተኛ ፖዘቲቭ እንደሚያበዛ ታይቷል። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) በተለይ ኢንዴክሱ፣ ማለትም የምርመራው ንባብ፣ ከ3.0 በታች የሆነ የኤችኤስቪ-2 ውጤት በሌላ ዘዴ እንዲረጋገጥ ይመክራል። ለምን እንደሆነ ቁጥሩ ይናገር፦ ከ1,000 ለጋሽ 100ው በእርግጥ የተያዙ ናቸው፤ የኪቱ ትብነትም (የተያዙትን የማግኘት አቅሙ) ልዩነትም (ያልተያዙትን ነጻ የማለት አቅሙ) 95 በመቶ ነው እንበል። ከ100ው 95ቱን ያገኛል፤ ካልተያዙት 900 ደግሞ 45ቱን ፖዘቲቭ ይላል። ሪፖርቱ 14 በመቶ ይላል፤ እውነቱ 10 ነው። ለጋሽ ጠርቶ ውጤቱን የሚነግር ሰው ደግሞ ከሦስቱ አንዱን ያለ ምክንያት ያስደነግጣል፤ ትዳር የሚያናጋ ወሬ መሆኑን አይርሱ።

ለጋሽን እንደ ሕዝብ መቁጠር

ለጋሽ የተመረጠ ሰው ነው። ዕድሜው ከ18 በላይ ነው፣ በመጠይቅ ተጣርቷል፣ ዘመቻው ዩኒቨርሲቲ ላይ ከሆነም ወጣት ነው። በግብረ ሥጋ የሚተላለፈው ኤችኤስቪ-2 በዚህ ምክንያት ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይታያል፤ በሕፃንነት የሚይዘው ሲኤምቪ ግን ብዙም አይነካም። በየሦስት ወሩ የሚመጣን ለጋሽ ደጋግሞ መቁጠርም የተለመደ ነው። የሚቆጠረው ከረጢቱ ሳይሆን ሰውዬው ነው። የት እንዳደገ ሳይጠይቁ አሁን የሚኖርበትን ብቻ መመዝገብም ያሳስታል፤ ወደ እስራኤል በገቡ ኢትዮጵያውያን ላይ የኤችኤችቪ-8 ፀረ እንግዳ አካል በብዛት ተገኝቷል።

የናሙና ብዛት ላይ ደግሞ ሁሉም 384 ይጽፋል። ለ50 በመቶ ስርጭትና ለ5 በመቶ የስህተት ወሰን ልክ ነው። አንድ በመቶ ለሚሆነው የተወረሰ ኤችኤችቪ-6 በዚያው ወሰን ቢሰላ 15 ሰው ይበቃል ይላል፤ ቀልድ ነው። ወሰኑን ወደ 0.5 በመቶ ሲያወርዱት 1,522 ሰው ይጠይቃል።

ሴሮኔጌቲቭ (ፀረ እንግዳ አካል ያልታየበት) ደምን ፍጹም ንጹሕ አድርጎ መያዝ

አዲስ የተያዘ ለጋሽ አይጂጂው ገና ሳይታይ የሲኤምቪ ዲኤንኤ በፕላዝማው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ዋናው መከላከያ ነጭ ሴሎችን በማጣሪያ መቀነስ ነው፦ በአውሮፓ በአንድ ከረጢት ከ1 ሚሊዮን በታች፣ በአሜሪካ ከ5 ሚሊዮን በታች። ጥንቃቄው የሚያስፈልጋቸው በማሕፀን ያለ ፅንስ፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃንና ንቅለ ተከላ የተደረገለት ታማሚ ናቸው። የዑጋንዳው ጥናት ኤችኤችቪ-8 ያለበት ደም የተቀበሉ ሰዎች በቫይረሱ የመያዝ ተጨማሪ አደጋ 2.8 በመቶ መሆኑን አግኝቷል፤ እስከ 4 ቀን ብቻ የቆየ ደም ላይ ደግሞ አደጋው ከፍ ያለ ነበር።

ደም የተቀበለውን ሰው ሲመረምሩ የሚሳሳቱም አሉ። ከለጋሹ ፕላዝማ ጋር የገባው አይጂጂ ለሳምንታት ይታያል፤ ከዚያ ይቀንሳል። ከተሰጠው በኋላ አንድ ናሙና ብቻ ወስዶ «ተላለፈበት» ማለት አይቻልም። ደሙ ከመሰጠቱ በፊት የተቀዳ ናሙና ማቀዝቀዣ ውስጥ መኖር አለበት።