መልእክት ብር አይደለም

ባለቤቴ ቅዳሜ ገበያ የሀበሻ ልብስ ትሸጣለች። እኔ ደግሞ አስራ አንድ ዓመት ባንክ መስኮት ላይ ተቀምጬ የሰው ብር ስቆጥር ኖሬ፣ አሁን እሷ ሱቅ ውስጥ ጋቢ አጣጥፋለሁ። ስለ ማጭበርበር ሊያውቅ የሚገባው ማን ነው ብትሉ እኔ ነኝ። የተበላነውም እኛው ነን።

ቀኑ ጥር 8 ነው። ለጥምቀት ሦስት ቀን ቀርቶታል። ጎንደር በእንግዳ ተጨናንቃለች፣ ሱቁ ውስጥ መቆሚያ የለም። አንድ ጎረምሳ ገባና ሁለት ጋቢና አንድ የጥልፍ ቀሚስ መረጠ። ዋጋ አልተከራከረም። (ቅዳሜ ገበያ ላይ ዋጋ የማይከራከር ሰው ሲመጣ ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብን።) ሂሳቡ 14,500 ብር መጣ። የባለቤቴን የሂሳብ ቁጥር ተቀበለ፣ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና «ገባልሽ እታለም?» አላት። ስልኳ ጢው አለ። «ውድ ደንበኛችን፣ በሂሳብዎ 14,500 ብር ገቢ ሆኗል» ይላል። ዕቃውን በፌስታል አድርጋ፣ «ለከርሞ በሰላም ያድርስህ» ብላ መርቃ ሸኘችው።

ማታ ሂሳቡን ስናይ ከጠዋቱ ፈቅ አላለም። መልእክቱን መልሼ ከፈትኩት። የባንኩ ስም መኖር ያለበት ቦታ ላይ በ09 የሚጀምር ተራ የስልክ ቁጥር ቁጭ ብሏል። ልጁ እዚያው ሱቅ ውስጥ ቆሞ፣ በገዛ ስልኩ፣ ባንክ ሆኖ ነው የጻፈላት። ደወልን፣ ዝግ ነው። እስከ ዛሬም ዝግ ነው።

«ቀሪ ሂሳብሽን ለምን አላየሽም?» አልኳት።

«ሰውየው ፊቴ ቆሞ? ሌባ ነህ እንደማለት አይደለም እንዴ!» አለችኝ።

መልስ አጣሁላት። በመስኮት ዘመኔ ተጭበርብረው እያለቀሱ የመጡብኝን ሰዎች አስታወስኩ። ነጋዴ ነበረበት፣ መምህር ነበረበት። ሞኝ የሚባሉ አልነበሩም። አንዱን ይሉኝታ ይዞታል፣ ሌላው ተጣድፏል። የስልክ ሌባ ካዝና አይሰብርም፣ በእነዚህ በሁለቱ በር ነው የሚገባው።

ከሻጭ ልጀምር፣ ቁስሉ የራሴ ስለሆነ። በኔ ጊዜ የምንፈራው ፎርጅድ ኖት ነበር። መስከረም 2013 ብሩ ሲቀየር አዲሱን ባለ 200 ኖት ወደ ብርሃን እያነሳን፣ በጣት እየዳበስን ነበር የምንቀበለው። ዛሬ ፎርጅዱ መልእክትና ስክሪንሾት ሆኗል። እሱን ግን ማንም ወደ ብርሃን አያነሳውም።

ብር መግባቱ የሚታወቀው በቀሪ ሂሳብ ብቻ ነው። ገዢው ስልኩን አዙሮ የሚያሳያችሁ ደረሰኝ ማስረጃ አይሆንም። ስምና መጠን ቀይሮ ደረሰኝ መሥራት ለነሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ወደ ስልካችሁ የገባው መልእክትም ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ ላኪውን እዩ። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው፣ የባንክ መልእክት ደግሞ በባንኩ ስም። ከተራ ቁጥር የመጣ ከሆነ እዚያው አበቃ። ላኪው ትክክል ቢመስልም ሂሳባችሁን ክፈቱ። አፑ ካላችሁ በአፑ፣ ከሌላችሁ የንግድ ባንክ ደንበኛ በ*889#፣ የቴሌብር ደግሞ በ*127#። እነዚህ ኢንተርኔት አይፈልጉም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ሳለ የገበያው ሰው በዚሁ ነበር የሚሠራው። ብዙዎቻችን ኢንተርኔቱ ሲመለስ ረሳነው እንጂ።

ባለቤቴ አሁን አንድ ነገር ጨምራለች። ጠዋት ሱቅ ስትከፍት ቀሪ ሂሳቧን ደብተር ላይ በእርሳስ ትጽፋለች። ሰው ሲከፍላት ትደምራለች። ቁጥሩ ከስልኩ ጋር ካልገጠመ ዕቃው ከጠረጴዛው አይነሳም። እኔ ባንክ ቤት በኮምፒውተር የምሠራውን እሷ በሰላሳ ብር ደብተር ትሠራዋለች።

ወደ ስልክ ጥሪው ልለፍ። ጎረቤታችን አንዲት እናት አሉ። አንድ ጠዋት ቡና ጠርተውን ተቀምጠን ስልካቸው ጮኸ። ጆሯቸው ስለደከመ ሁሌም ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩት፣ ስለዚህ ሁላችንም ሰማን።

«እንደምን አደሩ እማማ፣ ከባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ነው የምደውለው» አለ። ድምፁ እንደ ቅቤ ነው። «ሲስተም እየቀየርን ስለሆነ ሂሳብዎ እንዳይዘጋ ቶሎ እናድስልዎት።»

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።»

«አሁን በስልክዎ ቁጥር ይመጣልዎታል። እሱን ብቻ ያንብቡልኝ።» ስልኩ ወዲያው ጢው አለ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ፊደል አልቆጠርኩም።»

ትንሽ ዝም አለ። «አጠገብዎ የሚያነብ ልጅ የለም?»

«አለ እንጂ። ባንክ ይሠራ የነበረ ጎረቤቴ እዚሁ ቡና እየጠጣ ነው። ልስጥህ?»

ጠፋ።

እኛ ሳቅን። እሳቸው ግን «ምነው፣ ተቆረጠበት ይሆን?» እያሉ አዘኑለት።

ያ ቁጥር ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ሰውየው የእማማን ስልክ ቁጥር በራሱ ስልክ ላይ ባለው የባንኩ አፕ አስገብቷል። ሲስተሙም «የሂሳቡ ባለቤት እውነት አንተ ነህ?» ለማለት ኮድ ይልካል፣ ኮዱ የሚመጣው ግን ወደ እማማ ስልክ ነው። ሰውየው ዘንድ የጎደለው ኮዱ ብቻ ነው። ካነበቡለት ቀጥሎ «ለማረጋገጫ» ብሎ ፒኑን ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ሂሳቡ የሱ ነው። ብዙ ሰው «ፒኔን አልሰጠሁም፣ አንድ ኮድ ብቻ ነው ያነበብኩለት» ይላል። ኮዱም ቁልፍ ነው።

ሌላም ነገር ከመስኮቱ ወዲያ ሆኜ ያየሁት ነው። በአስራ አንድ ዓመት አንድም ቀን የደንበኛ ፒን አስፈልጎኝ አያውቅም። ኮምፒውተራችን ላይም አይታይም። ለሠራተኛ የማይታየውን፣ የማያስፈልገውን ነገር በስልክ የሚጠይቅ ሰው የባንክ ሠራተኛ አይደለም። ስማችሁን ከነአያት ቢጠራ፣ የሂሳባችሁን የመጨረሻ አራት ቁጥር ቢያውቅ እንኳ አይደለም። ስማችሁ በየደረሰኙ ላይ ነው፣ ቁጥሩም እንደዚያው።

ታዲያ ሲደወልላችሁ አትከራከሩ። «እሺ፣ እኔው እደውላለሁ» ብላችሁ ዝጉት። ይሉኝታ ለያዘው ሰው «ልጄ አለቀሰ» ማለትም ይቻላል፣ የባለቤቴ እናት እንደዚያ ነው የምትላቸው። ከዚያ ራሳችሁ ደውሉ። ንግድ ባንክ 951 ነው፣ ቴሌብር 127። ደዋዩ በሰጣችሁ ቁጥር ግን አይደለም። ወይም እግራችሁን አንስታችሁ ቅርንጫፉ ሂዱ። ከአዘዞ ፒያሳ ድረስ ያለው የታክሲ ሂሳብ ከሂሳባችሁ አይበልጥም።

ሽልማት ደርሶሃል የሚለውን አላብራራም። ትኬት ሳትቆርጡ ዕጣ አይወጣላችሁም።

አንዱ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። «ኔትወርክዎን እናሻሽላለን» ብሎ *21* ብላችሁ፣ ከኋላው እሱ የሚሰጣችሁን ስልክ ቁጥር ጽፋችሁ፣ # ጨምራችሁ እንድትደውሉ ያደርጋል። ይህ ጥሪዎቻችሁን በሙሉ ወደሱ ስልክ የሚያዞር ትእዛዝ ነው። ኮድ በድምፅ ጥሪ ሲመጣ እሱ ይሰማዋል፣ ባንኩ ሊያረጋግጥ ሲደውልም እሱ ያነሳዋል። ዞሮ እንደሆነ ለማየት *#21# ደውሉ። ለማጥፋት ##21#። አሁኑኑ ብትሞክሩት አይከፋም።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ በወዳጅ ስም ይመጣሉ። የምታውቁት ሰው አካውንት ይሰረቅና «ወንድሜ፣ አስቸኳይ 5,000 ብር ላክልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ» ይላችኋል። የሚልኩላችሁን የሂሳብ ስም ስታዩ የማታውቁት ሰው ነው፣ «የጓደኛዬ ሂሳብ ነው» ይላል። መድኃኒቱ ደውሎ ድምፅ መስማት ነው። ቻት አይበቃም። የራሳችሁ እንዳይሰረቅ ሴቲንግ ገብታችሁ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ክፈቱ፣ ቴሌግራም የሚልከውን ኮድም ለማንም አታስተላልፉ።

ኤቲኤም ላይ የምለው አንድ ነው። ከገጠር የመጡ አባቶች ካርዱን ከነፒኑ ለማያውቁት ሰው ሰጥተው «እስቲ አውጣልኝ» ሲሉ ብዙ አይቻለሁ። ፒኑ በካርዱ ማስቀመጫ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ይህን ከምታደርጉ መስኮት ላይ ተሰለፉ። ሰልፍ ገንዘብ አይወስድም።

ስልካችሁ በድንገት ኔትወርክ ካጣስ? እኛ አገር ኔትወርክ መጥፋት ብርቅ አይደለም፣ ስለዚህ ጎረቤትን ጠይቁ። የሱ እየሠራ የናንተ ብቻ ከጠፋ ሌላ ሰው በስማችሁ ሲም አውጥቶ ሊሆን ይችላል። በሌላ ስልክ ኢትዮ ቴሌኮምን በ994 ጠይቁ፣ ወዲያው ባንካችሁ ሂሳቡን እንዲያግድላችሁ አድርጉ።

አሁን ለዩኒቨርሲቲ ልጆች። ማራኪ አካባቢ እየዞሩ «ሂሳብህን አውሰኝ፣ ብር ይገባልሃል፣ አውጥተህ ስጠኝ፣ አስር በመቶ ያንተ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ልጁ ሥራ ያገኘ ይመስለዋል። የሚገባው ግን እንደ ባለቤቴ ዓይነት ሰው የተዘረፈው ብር ነው። ፖሊስ መንገዱን ተከትሎ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ስም የተማሪው ነው። ሌባው በስሙ ምንም የለውም። በወንጀል የተገኘን ገንዘብ ማዘዋወር በሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ በኮምፒውተር ማታለል ደግሞ በአዋጅ 958/2008 ያስጠይቃል። ከውጭ አገር የሚላክን ብር በማይታወቅ ሰው በኩል የምትቀበሉም እንዲሁ ናችሁ። ዘመዳችሁ ዶላሩን እዚያ ለአንዱ ይሰጣል፣ እዚህ ሌላ ሰው ብር ያስገባላችኋል። ያ ብር ከየት እንደመጣ አታውቁም። ተጠያቂ ሲገኝበት የሚታገደው የናንተ ሂሳብ ነው።

«በስህተት ልኬብሃለሁ፣ መልስልኝ» የሚልም አለ። መጀመሪያ ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ፣ ምናልባት ምንም አልገባም። በእውነት ገብቶ ከሆነም በራሳችሁ እጅ አትመልሱ። ባንኩ በላኪው ሂሳብ ይመልሰው። ማስቀረትም አይሆንም። መጋቢት 2016 የንግድ ባንክ ሲስተም ሲበላሽ የሌላቸውን ብር ያወጡ ሰዎችን፣ ብዙዎቹም ተማሪዎች ነበሩ፣ ታስታውሳላችሁ። ያልመለሱት ስማቸውና ፎቶአቸው ሳይቀር ነው የወጣው።

ከተበላችሁ በኋላ ያለው ሰዓት ወርቅ ነው። ብሩ ከሂሳብ ወደ ዋሌት (እንደ ቴሌብር ያለ የስልክ ቦርሳ)፣ ከዋሌት ወደ ወኪል ሄዶ ጥሬ ገንዘብ ለመሆን ደቂቃዎች ይበቁታል። ስለዚህ ማልቀስና ዘመድ መጥራት ይቆይ። መጀመሪያ ባንኩ ጋ ደውላችሁ ሂሳቡ እንዲታገድ አድርጉ፣ የደወላችሁበትን ሰዓት ጻፉ። መልእክቱን አታጥፉ፣ ቁጥሩንም ብሎክ አታድርጉ። ማስረጃው እሱ ነው። የግብይት ቁጥሩን፣ ብሩ የሄደበትን ሂሳብና ስም በወረቀት ገልብጡ። ከዚያ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ማመልከቻ አስገቡ፣ ኮፒው ላይ ማኅተም አስመቱ፣ ያንኑ ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ። የባንክ ሠራተኛው ብሩን ከሌላ ሰው ሂሳብ ነጥቆ ሊሰጣችሁ አይችልም። ብትጮኹበትም አይችልም፣ ብዙ ተጮኾብኛል። ሂሳቡ ላይ ገና ካለ ግን ማገድ ይቻላል። እኛ ጥር 8 ማታ ስናውቅ የሚታገድ ነገር አልነበረም፣ ብሩ ከመጀመሪያውም አልተላከ።

ባለቤቴ ይሉኝታዋን ልትተው አልቻለችም። እኔም ተይ አላልኳት። በርጩማ ገዛች። አሁን ሰው በስልክ ሲከፍላት «ኔትወርኩ ይጎተታል፣ እስቲ አረፍ በል፣ ውሃ ልስጥህ» ትለዋለች። እሱ ሲቀመጥ እሷ ዞር ብላ *889# ትደውላለች፣ ደብተሯን ታያለች። አብዛኛው ገዢ ተቀምጦ ውሃውን ይጠጣል፣ ስለ ጥጡ ይጠይቃታል። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ «ቸኩያለሁ፣ ገብቷል እኮ፣ አላየሽም?» ብሎ እንደቆመ ቀረ። እሷም ቀሚሱን መልሳ አጣጠፈችው።