የፍልሰታ ጾምና የ4 ቀን የዲዝኒ ጉዞ

ልጆቼን ይዤ ኦርላንዶ ወደሚገኘው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ለመሄድ የያዝኩት ሳምንት ልጆችም ሳይቀሩ ከሚጾሙት ከፍልሰታ ጋር መግጠሙን ያስተዋልኩት ትኬት ልገዛ ስል ነበር። ትኬቱስ ብዙም አላስቸገረም፤ ቀኑ ሲበዛ የአንዱ ቀን ዋጋ ስለሚቀንስ፣ ከ3 ዓመት በታች ያለችው ልጄም በነጻ ስለምትገባ፣ በአንድ ቀን ከፓርክ ፓርክ የሚያዘዋውረውን ጭማሪ ትቼ ለ4ቱም ፓርኮች አንዳንድ ቀን መደብኩ።

የከበደኝ ምግቡ ነበር። መፍትሔ የሆነኝ ምግብ ከውጭ ይዞ መግባት መፈቀዱ ነው፤ የመስታወት ዕቃ ስለማይፈቀድ፣ ቀዝቅዞ የሚበላውን የሱፍ ፍትፍት ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ፣ ቆሎውን በከረጢት አድርጌ ያዝኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለምንቆየው ለእኛ ለአዋቂዎቹ ደግሞ ከ60 ቀን በፊት ለዚያው ሰዓት የምግብ ቤት ጠረጴዛ አስያዝኩ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማንበላም አስቀድሜ አሳወቅሁ።