ጅማ ላይ የቆመ የቡና ሚዛን እንዴት ይፈተሻል

ከውጭ አገር የገባ ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ከካርቶኑ እንደወጣ ሳይፈተሽ ቡና መረከቢያ ላይ መቆም የለበትም። እንዲህ ያለው ሚዛን በቀጥታ የሚለካው የመሬት ስበት ጆንያውን ወደ ታች የሚጫንበትን ኃይል ሲሆን፣ ስበቱ ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ከመሆኗም በላይ ከባሕር ጠለል 1,780 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል፣ በሰሜን አውሮፓ ተስተካክሎ የመጣ ሚዛን አንዱን ኩንታል 400 ግራም ያህል አሳንሶ ያነባል፤ ጉዳቱም በሻጩ ገበሬ ላይ ይወድቃል። ሁለት ሳህን ያለው የድሮው ሚዛን ግን ስበቱ ሁለቱንም ወገን እኩል ስለሚጎትት ከዚህ ነጻ ነው።

ብዙዎች ካሊብሬሽን ሲባል ሚዛኑን ማስተካከል ይመስላቸዋል። ካሊብሬሽን የሚዛኑን ንባብ ከታወቀ ክብደት ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን መመዝገብ ነው፤ ማስተካከል ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሌላ ሥራ ነው። ልዩነቱ ሳይመዘገብ የማስተካከያው ቁልፍ ከተጫነ፣ ሚዛኑ እስከዚያ ቀን ድረስ ምን ያህል ሲሳሳት እንደቆየ ማወቂያው ይጠፋል።

ለፍተሻው የሚያስፈልጉት ክብደቶች ራሳቸው የምስክር ወረቀት ያላቸውና በምን ክብደት እንደተነጻጸሩ የሚያሳየው ሰንሰለታቸው እስከ አገሪቱ የሥነ ልክ (የመለኪያ ሳይንስ) ተቋም የሚደርስ መሆን አለባቸው። የዛገ ወይም ቀለም የተደረበበት ብረት አያገለግልም። ሚዛኑ በጠንካራ ወለል ላይ ቆሞ በውሃ ልክ ይስተካከል፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል በርቶ ይቆይ፣ በሩም ነፋስ እንዳያስገባ ይዘጋ።

መጀመሪያ አንዱን ክብደት አሥር ጊዜ እያነሡ መልሶ በመጫን ንባቦቹ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ይታያል፤ ይህ ተደጋጋሚነት ይባላል። አሥሩም ንባብ ተመሳሳይ ሆኖ ሁሉም እኩል ሊሳሳት ስለሚችል፣ ተደጋጋሚነት ከትክክለኛነት ጋር መምታታት የለበትም። ቀጥሎ የሚዛኑን አቅም አንድ ሦስተኛ የሚሆን ክብደት በአራቱም ማዕዘን ተራ በተራ ይቀመጣል፤ ጆንያ በጥድፊያ ሲወረወር መሀል ላይ የሚያርፈው ከስንት አንዴ ነውና፣ እኔ ከሁሉም ፈተና ይህንን አስቀድማለሁ። በመጨረሻ ከባዶ ጀምሮ ክብደቱን ደረጃ በደረጃ እስከ ሙሉ አቅሙ ማሳደግ፣ ከዚያም በዚያው መንገድ እየቀነሱ መመለስ ያስፈልጋል። ሲወጣና ሲወርድ በአንዱ ክብደት ላይ የተለያየ ቁጥር ካሳየ፣ ወይም ባዶ ሲሆን ወደ ዜሮ ካልተመለሰ፣ ብዙውን ጊዜ ሳህኑ ሥር አፈር ወይም የቡና ገለባ ገብቷል ማለት ነው።

የታወቀው ክብደት 50 ኪሎ ብቻ ከሆነ አሸዋ ይረዳል። ሃምሳውን ጭኖ ንባቡን መዝግቦ ካወረዱ በኋላ ያው ቁጥር እስኪመጣ አሸዋ በጆንያ መሙላት፣ ከዚያም ክብደቱን በላዩ ደርቦ 100 ኪሎን መፈተሽ ይቻላል።

በመዝገቡ ላይ ስሕተት ማለት ንባቡ ሲቀነስ እውነተኛው ክብደት ነው። 100 ኪሎው 99.7 ከተነበበ ስሕተቱ ሲቀነስ 0.3 ኪሎ፣ እርማቱ፣ ማለትም እውነተኛውን ክብደት ለማግኘት ንባቡ ላይ የሚታከለው፣ ደግሞ ሲደመር 0.3 ኪሎ ይሆናል። በ10 ግራም እርከን የሚቆጥር ሚዛን 300 ግራም ሊሳሳት እንደሚችልም ከዚሁ ይታያል፤ የአኃዙ ርዝመት ማንንም አያታልል።

የቡና እርጥበት መለኪያም በዚሁ ሐሳብ ይፈተሻል፤ ማነጻጸሪያው ግን ናሙናውን በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ16 ሰዓት በምድጃ አድርቆ የጎደለውን ክብደት ማስላት ነው። ቴርሞሜትር በበረዶ ውሃ ዜሮ ማንበብ ሲገባው፣ በፈላ ውሃ ግን፣ ከፍ ባለ ቦታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ ጅማ ላይ 94 ገደማ ያነባል፤ 100 ካሳየ የተበላሸው ቴርሞሜትሩ ነው።

ሚዛኑ በመኪና ተጭኖ አጋሮ ደርሶ ከተመለሰ ያለፈው ወር ፍተሻ አያገለግለውም፤ ቢያንስ ዜሮው፣ አራቱ ማዕዘኖችና አንድ ከባድ ክብደት የመጀመሪያው ጆንያ ከመጫኑ በፊት እንደገና ይታያሉ።