ዩሪያ ያላዳነው የዝሆን ሳር

ለሁለት ላሞቼ ብዬ ጓሮ የተከልኩት የዝሆን ሳር በሁለተኛው ዓመት ቢጫ ሆነብኝ። ዩሪያ ማዳበሪያ ጨመርኩ። ወይ ፍንክች! ደገምኩት፤ ገንዘቤን በላ እንጂ ለውጥ የለም።

አንድ ጠዋት ላጭድ ጎንበስ ስል ነው የገባኝ። የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች አረንጓዴ ናቸው። የገረጡት ከመሃል ብቅ ያሉት ለጋዎቹ ናቸው። ናይትሮጂን ሲያንስ ቀድሞ የሚገረጣው የታችኛው ነው። ድኝ (ሰልፈር) የሚባለው ንጥረ ነገር ግን ከአሮጌው ቅጠል ወደ ለጋው እንደልብ ስለማይሄድ፣ ሲያንስ የሚጎዳው አዲሱ ነው።

ዩሪያ ደግሞ 46 በመቶ ናይትሮጂን ነው፤ ድኝ የሚባል የለውም። እኔ ሳሩን ባጨድኩ ቁጥር ድኙን አብሬ አወጣለሁ፣ እበቱን የምወስደው ለጎመኑ። (ጎመኑማ አምሮበታል!)

7 በመቶ ድኝ ያለው ኤንፒኤስ የሚባል ማዳበሪያ ገዛሁ። ዝናብ ጥሎ አፈሩ ሲርስ፣ ከጉቶው አንድ ስንዝር ርቄ ጫር ጫር አድርጌ ቀበርኩት። ለማመሳከር ሁለት መስመር ሳልነካ ተውኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያልነካኋቸው ሁለቱ ብቻ ቢጫ ሆነው ቀሩ። እበቱም አሁን ወደ ሳሩ ይመለሳል።